ቤዝ ጊታር፦ ከግዢ በፊት ዕውቀት፣ ከመድረክ በፊት ጥንቃቄ

እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሠርግ ወቅት ይመጣል። በጥር ወር በገጠርም በከተማም ድንኳን ይተከላል። ቀድሞ ማሲንቆና ከበሮ ይደምቁበት በነበረው ዳስ ዛሬ ኪቦርድ፣ ድራምና ቤዝ ጊታርም ገብተውበታል። መብራት ወዳልደረሰበት ቀበሌ ደግሞ ጄኔሬተር ተጭኖ ይሄዳል። ለወጣት ሙዚቀኞች ይህ ሥራ እንጀራቸው ነው። ይሁን እንጂ ተበድረው ወይም ከቤተሰብ ጥሪት ተካፍለው የገዙት መሣሪያ ያለ ዕውቀት ከተያዘ በአንድ ምሽት ሊቃጠል ይችላል። በተሳሳተ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደግሞ የሰው ሕይወትም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም ስለ ቤዝ ጊታር አመራረጥ፣ አያያዝና አጨዋወት መሠረታዊ ነገሮችን ማወቅ ለተጫዋቹም፣ ልጁ መሣሪያ እንዲገዛለት ለሚጠይቀው ወላጅም ይጠቅማል።

የሙዚቃው ምሰሶ

ቤዝ ጊታር በአንድ ባንድ ውስጥ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። አድማጭ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያንጎራጉረው የዘፋኙን ዜማ ቢሆንም፣ እግሩን ለጭፈራ የሚያነሣው ከሥር የሚጓዘው ወፍራም ድምፅ ነው። ቤዙ ሲቆም ሙዚቃው ምሰሶው እንደተነቀለ ቤት ይሆናል።

መደበኛው ቤዝ ጊታር አራት ክሮች አሉት። ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ተብለው ይቃኛሉ። ይህም ከተራው ጊታር አራት ወፍራም ክሮች በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል፣ ቀጭኑ ደግሞ 98 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ትንሽ ስፒከር እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ በአግባቡ ማውጣት አይችልም። በመሆኑም ቤዝን ከሙዚቃ ለይቶ ለማጥናት የሚፈልግ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል።

በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የሰፋው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። ጃዝ ቤዝ የተባለው ሁለተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1960 ተከተለው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቤዞች የእነዚህን የሁለቱን ቅርጽ የተከተሉ ናቸው። በአገራችን መሣሪያው በዘመናዊ ባንዶች ውስጥ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከሚታወሱት ተጫዋቾች አንዱ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ነው። በባህል ቡድኖች ዘንድም ወፍራም ድምፅ እንዲሰጥ የተሠራና በኤሌክትሪክ የሚጎላ ቤዝ ክራር ይታያል። ከዚህ በታች ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ቅኝትና ስለ ጆሮ ጥንቃቄ የቀረበው ምክር ለቤዝ ክራር ተጫዋቾችም ይሠራል።

ሲገዙ ምን ይታያል?

ለጀማሪ ባለ አራት ክር ቤዝ በቂ ነው። አምስተኛው ክር ዝቅተኛውን የሲ ድምፅ ይጨምራል፤ ነገር ግን አንገቱ ሰፊ ስለሚሆን ላልለመደ እጅ ይከብዳል። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በቀለሙ ማማር ከመማረኩ በፊት አንገቱን ይመልከት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን ሲቃኝ የተጣመመ ወይም የተወላገደ መሆን የለበትም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭኖ ድምፁን መስማት ይገባል። የሚንጫጫ ወይም የሚታፈን ቦታ ካለ ፍሬቱ ተበልቷል፣ አለዚያም አንገቱ ማስተካከያ ይፈልጋል። ክሩ ሳይያዝ የሚሰጠው ድምፅና 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ የሚሰጠው ድምፅ በትክክል የአንድ ኦክታቭ ልዩነት ሊኖራቸው ይገባል። በመጨረሻም የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን በማዞርና የገመድ መሰኪያውን በማነቃነቅ የሚንኮሻኮሽ ነገር መኖር አለመኖሩ ይፈተሻል።

አንዳንድ ቤዞች በውስጣቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ፤ አክቲቭ ይባላሉ። ባትሪ የሌላቸው ፓሲቭ ናቸው። አክቲቭ ቤዝ ገመዱ እንደተሰካ ከተተወ ባትሪው ሳይጫወቱበትም ያልቃል። በሠርግ መሀል ድምፁ ቀስ በቀስ እየሰለለና እየተቆራረጠ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሲያበቁ ገመዱን መንቀልና ትርፍ ባትሪ መያዝ ይበቃል።

እንጨት እንደ እህል እርጥበትን ያውቃል። ክረምት ሲገባ እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ደርቆ ይሸማቀቃል። በዚህ የተነሣ አንገቱ በትንሹ ስለሚጎብጥ ክሮቹ ወይ ይርቃሉ ወይ ፍሬቱን ይነካሉ። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ይህን ለማስተካከል የተቀመጠ ነው። ሲዞር በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር መብለጥ የለበትም፤ በኃይል ያዞረ ሰው አንገቱን ሊሰብር ይችላል። ክሮችን ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜያቸውን ያረዝማል። ላብና አቧራ ጠጥተው የደነዘዙ ክሮችን አውልቆ ለጥቂት ደቂቃ በውኃ ቀቅሎ በደንብ ማድረቅ ብዙ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት የቁጠባ ዘዴ ነው። ድምፃቸው ለጊዜው ይመለሳል፤ አዲስ ግን አይሆኑም።

አምፕሊፋየርና ስፒከር

ዝቅተኛ ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ስለሚጠይቅ ቤዝ ከተራ ጊታር የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ለቤት ልምምድ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። ከድራም ጋር ለመጫወት ቢያንስ 100 ዋት፣ በሰፊ ድንኳን ደግሞ 300 ዋትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቤዝን በተራ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ስፒከሩን ሊበጥሰው ይችላል።

ሁለት ስፒከር ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው በጀርባቸው የተጻፈውን የኦም ቁጥር ያንብብ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ከ8 ኦም በታች እንዳይወርድ ከተጻፈበት በዚህ አኳኋን ማሠራት ማቃጠል ነው።

ኤሌክትሪክ፦ ንብረትም ሕይወትም

ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የሚላክ መሣሪያ ደስታ ይዞ ይመጣል። ሆኖም ከመሰካቱ በፊት ጀርባው መነበብ አለበት። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት አምፕሊፋየር በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። አንዳንዶቹ የቮልት መምረጫ አላቸው። የሌላቸው ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይሻሉ፤ የትራንስፎርመሩ የዋት መጠንም አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው መብለጥ አለበት።

ከዚህ የከፋው የንዝረት አደጋ ነው። የቤዝ ጊታር ክሮች በገመዱ አማካይነት ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። ማይክሮፎኑም እንዲሁ ከሚክሰሩ ጋር ይገናኛል። ከሁለቱ አንዱ ብልሽት ካለበትና ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ከሌለ፣ ክር በእጁ ይዞ በከንፈሩ ማይክሮፎን የነካ ሙዚቀኛ በሰውነቱ ኤሌክትሪክ ያልፋል። እርጥብ ሣር ላይ የቆመ እንደሆነ አደጋው ይብሳል።

መከላከያው ውድ አይደለም። የባንዱ ዕቃዎች ሁሉ የመሬት መስመር ካለው ከአንድ ምንጭ ኃይል ያግኙ። ሦስት እግር ያለው ሶኬት አንዱ እግሩ አይቆረጥ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በክሩና በማይክሮፎኑ መካከል ቮልት መኖሩን በመለኪያ ይፈትሽ። የሚነዝር መሣሪያ ቢገኝ ሥራው ይቁም እንጂ በጨርቅ ተጠቅልሎ አይያዝ። ጄኔሬተር ሲኖር መጀመሪያ ሞተሩ ተነሥቶ ይረጋጋ፤ ከዚያ ዕቃዎቹ ይሰኩ። የኤሌክትሪክ ምጣድና የባንዱ ዕቃ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ ምጣዱ በበራ ቁጥር ኃይሉ ስለሚዋዥቅ መስመሩን መለየት ይገባል። ቮልት የሚዋዥቅበት አካባቢ ያለ ባንድ ደግሞ ስታቢላይዘር ቢይዝ ዕቃውን ያድናል።

ኢፌክት፦ ቅመሙ በልክ

ኢፌክት ማለት በቤዙና በአምፕሊፋየሩ መካከል ገብቶ የድምፁን ጠባይ የሚለውጥ፣ ብዙውን ጊዜ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገና ያን የሚንዘረዘር ድምፁን የሚያገኘው በክሩና በድልድዩ መካከል ከሚገባው እንዚራ ከሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳው ሲወጣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ፔዳልም ይህንኑ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

በመጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው መቃኛ ፔዳል ነው፤ የተዛባ ቅኝት በምንም ኢፌክት አይታረምምና። ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ነው። ኃይለኛውን ምት ዝቅ፣ ደካማውን ከፍ አድርጎ ድምፁን ያስተካክላል። ኦቨርድራይቭ ድምፁን ያሻክራል፤ ወፍራሙን ክፍል ሊያሳጣ ስለሚችል ንጹሑን ድምፅ አብሮ የሚቀላቅል ዓይነት ይመረጣል። ኮረስ ድምፁን ያሰፋል፤ ኦክታቭ ደግሞ ሌላ ዝቅ ያለ ድምፅ ይደርባል። የተለመደው ቅደም ተከተል መቃኛ፣ ኮምፕሬሰር፣ ኦቨርድራይቭ፣ በመጨረሻም ኮረስ ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ይሠራሉ፤ የአዳፕተሩ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫ ከፔዳሉ ምልክት ጋር ካልተመሳሰለ ግን ሊበላሹ ይችላሉ።

አጨዋወትን ለማሻሻል

ጥሩ ቤዝ የሚወጣው ከጣት ነው። የቀኝ እጅ ሌባ ጣትና መሀል ጣት እየተፈራረቁ በእኩል ኃይል ይምቱ። የግራ እጅ ጣቶች ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ጀርባ ጠጋ ብለው ይጫኑ። የማይመታው ክር እንዳያንጎራጉር መታፈን አለበት። በሳምንት አንድ ቀን አራት ሰዓት ከመለማመድ በየቀኑ 30 ደቂቃ መለማመድ ይሻላል። ሜትሮኖም በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል፤ በዝግታ ያልተስተካከለ ጨዋታ በፍጥነት አይስተካከልም።

ቤዝ ተጫዋችና ድራም መቺ እንደ ጥማድ በሬዎች ናቸው። አንዱ ቢቀድም ቀንበሩ ይዛባል፣ ትልሙም ይጣመማል። በተለይ ችክችካ በተባለው ስድስት ስምንተኛ ምት፣ ስድስቱን ፈጣን ቆጠራዎች በልብ ይዞ በአንደኛውና በአራተኛው ላይ መርገጥ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው። እነዚህን ሁለቱን አጥብቆ ሳይይዝ ማስዋቢያ የሚጨምር ተጫዋች ጨፋሪውን ያደናቅፋል።

ቅኝትን ማወቅም ግድ ነው። ከዶ ከተነሣን ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ሲሆን አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ከፈረንጅ ሙዚቃ የለመደ እጅ በአምባሰል ላይ ሚን ሲጨምር ቅኝቱ ይፈርሳል፤ በአምባሰል ውስጥ ሚ የለምና። አራቱን ቅኝቶች በአራቱም ክሮች ላይ መለማመድ፣ ራስን በስልክ ቀድቶ በማዳመጫ መስማት፣ ከዚያም ስሕተቱ የታየበትን ቦታ ብቻ ለይቶ መደጋገም ፈጣን ለውጥ ያመጣል።

በመጨረሻም ጆሮ መለዋወጫ የለውም። 85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል ተብሎ በሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ሲመከር፣ በ100 ዴሲቤል ግን ገደቡ ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። የሠርግ ድንኳን ይህን በቀላሉ ያልፋል። ከጨዋታ በኋላ ጆሮው የሚጮኽበት ሙዚቀኛ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። የጆሮ መድፈኛ ማድረግ፣ ከስፒከሩ ፊት አለመቆምና በየመሀሉ ማረፍ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው። ሕፃናትና አረጋውያን እንግዶችም ከስፒከሩ ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ማድረግ የደጋሹ ኃላፊነት ነው።