የኬንያ የመብራት ቆጣሪዎች አዲስ ቁልፍ ለምን አስፈለጋቸው? ከባለ20 አሃዙ ቁጥር ጀርባ ያለው ምሥጢር

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው ኢምባካሲ፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ነዋሪዎች መብራት የሚገዙት በስልካቸው ነው። በኤም-ፔሳ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ‘ቶክን’ የሚባል ባለ20 አሃዝ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ይደርሳቸዋል። ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ሲያስገቡ የገዙት ኃይል ይሞላላቸዋል።

በ2024 ግን የአገሪቱ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኬንያ ፓወር ለደንበኞቹ ያልተለመደ ማሳሰቢያ አወጣ። እስከ ኅዳር 15/2017 ዓ.ም. (እአአ ኖቬምበር 24/2024) ድረስ ቆጣሪያቸውን ካላደሱ ከዚያ በኋላ የሚገዙትን ቁጥር ቆጣሪው አይቀበልም። ለማደስ ደግሞ ከተለመደው ቶክን በፊት ሌሎች ሁለት ባለ20 አሃዝ ቁጥሮችን ማስገባት ያስፈልግ ነበር።

ማሳሰቢያው የወጣው በኬንያ ብቻ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካው ኤስኮምም ለደንበኞቹ ተመሳሳይ ጥሪ አቅርቧል። የችግሩ ምንጭ በአነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ የሚሠራው ክሪፕቶግራፊ ወይም የምሥጠራ ጥበብ፣ ከዓመታት በፊት የተላለፈ አንድ የንድፍ ውሳኔ ነው።

ኔትወርክ የሌለው ቆጣሪ ክፍያን እንዴት ያውቃል?

አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ቆጣሪዎች ከኢንተርኔትም ሆነ ከስልክ ኔትወርክ ጋር አይገናኙም። በኩባንያው ኮምፒውተርና በቆጣሪው መካከል መልዕክት የሚያደርሰው ደንበኛው ራሱ ነው። ስለዚህ መልዕክቱ አንድ ሰው አንብቦ በእጁ ሊያስገባው የሚችል፣ ነገር ግን ማንም አስመስሎ ሊሠራው የማይችል መሆን አለበት።

በደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተዘረጋውና በኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤስቲኤስ የተባለው አሠራር ይህን ጥያቄ የመለሰው በምሥጠራ ነው። ሃያው አሃዝ በኮምፒውተር ቋንቋ 66 ቢት ብቻ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 16 ቢት ለተገዛው ኃይል መጠን፣ 16 ቢት ቁጥሩ ስህተት እንደሌለበት ለማረጋገጥ፣ 24 ቢት ደግሞ ቶክኑ የተዘጋጀበትን ጊዜ ለመመዝገብ ይውላል። የቀረው ትንሽ ቦታ ለቶክኑ ዓይነትና ለሌሎች ጉዳዮች ነው። መረጃው ለዚያ ቆጣሪ ብቻ በተዘጋጀ ቁልፍ ስለሚመሠጠር ለጎረቤት የተላከ ቁጥር በሌላ ሰው ቆጣሪ ላይ አይሠራም።

ጊዜው የሚመዘገበው አንድ ቁጥር ሁለቴ ጥቅም ላይ እንዳይውል ነው። ቆጣሪው የተቀበላቸውን ቶክኖች ጊዜ ያስታውሳል፤ አስቀድሞ ያየውን ወይም ከመዘገባቸው ሁሉ የቆየውን ቁጥር ይመልሳል።

16 ሚሊዮን ደቂቃዎች ሲያልቁ

ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ሲሆን፣ መነሻው ታኅሣሥ 23/1985 ዓ.ም. (እአአ ጃንዋሪ 1/1993) ነበር። በ24 ቢት ሊመዘገብ የሚችለው 16,777,216 ደቂቃ ነው፤ ይህም 32 ዓመት ሊሞላ ከአንድ ወር ትንሽ በላይ ሲቀረው ያልቃል። ያ ቀን ኖቬምበር 24/2024 ነበር።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር፣ በዕለቱ የተገዛ ቶክን ለቆጣሪው ከአሠርት ዓመታት በፊት የወጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ይመልሰዋል። ገንዘቡ ተከፍሎ ቁጥሩም በትክክል ገብቶ ቤቱ ግን በጨለማ ይዋጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ለቆጣሪው አዲስ ቁልፍ መስጠትና የድሮውን የጊዜ መዝገብ ማጥፋት ነበር። አዲሱ ቁልፍ በአንድ ባለ20 አሃዝ ቁጥር ውስጥ ስለማይበቃ ለሁለት ተከፍሎ ተላከ። ደንበኞች ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮችን እንዲያስገቡ የተጠየቁት ለዚህ ነው።

‘ቀላል ክብደት’ ያለው ምሥጠራ

የኢምባካሲው ቆጣሪ የሚያሳየው ችግር የብዙ አነስተኛ መሣሪያዎች ነው። የውሃ ቆጣሪ፣ በሰው አካል ውስጥ የሚተከል የሕክምና መሣሪያ፣ የመኪና ቁልፍ ወይም በክፍያ የሚሠራ የፀሐይ ኃይል መብራት ውስጥ ያለው ቺፕ ከስልክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ የማስታወስ አቅም አለው። አንዳንዶቹ በአንድ ባትሪ ለዓመታት መሥራት አለባቸው።

ለዚህም ነው የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምሕጻሩ ኒስት፣ ለአነስተኛ መሣሪያዎች የሚሆን ምሥጠራ ለመምረጥ ዓለም አቀፍ ውድድር የከፈተው። በ2019 የቀረቡለት ሥራዎች 57 ነበሩ። ለዓመታት በባለሙያዎች ከተፈተሹ በኋላ፣ ጥር 30/2015 ዓ.ም. (እአአ ፌብሩዋሪ 7/2023) አስኮን የተባለው መመረጡ ተገለጸ። ደረጃው የጸደቀው ነሐሴ 7/2017 ዓ.ም. (እአአ ኦገስት 13/2025) ነው።

አስኮን በ2014 ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ ከሠሪዎቹ መካከል የኦስትሪያው ግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። መልዕክቱን ከመደበቅ ጎን ለጎን በመንገድ ላይ እንዳልተነካካ በአንድ ሂደት ያረጋግጣል። ቺፑ የሚስበውን ኃይል በመለካት ቁልፉን ለመገመት ከሚሞክሩ ሰዎች ለመጠበቅም ይበልጥ አመቺ ነው። በየሰው ደጃፍ ለሚሰቀል መሣሪያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አጥቂው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ሊመረምረው ይችላልና።

ምሥጠራው ብቻውን አይበቃም

የ2024ቱ ችግር የተከሰተው ምሥጢሩ ተሰብሮ አይደለም። የተሟጠጠው በዙሪያው ያለው የጊዜ ቆጠራ ነው። አነስተኛ መሣሪያዎችን የሚነድፉ ባለሙያዎች ከጠንካራ ምሥጠራ ባሻገር ቁልፍ እንዴት እንደሚቀየር፣ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚታደስና ቆጣሪዎች ሲሞሉ ምን እንደሚሆን አስቀድመው እንዲያስቡ የሚገደዱት ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ የኤስቲኤስ ነዳፊዎች አንድ በር ክፍት ትተው ነበር፤ ቁልፍ በቶክን አማካይነት ሊቀየር ይችላል። ያ ባይሆን ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣሪዎችን እየነቀሉ መተካት ግድ በሆነ ነበር። ሸክሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ በየቤቱ እየተጫነ 40 ተጨማሪ አሃዞችን የማስገባቱ ሥራ በደንበኛው ትከሻ ላይ ወድቋል።

አዲሱ ቆጠራ መነሻው ያደረገው ጃንዋሪ 1/2014ን ነው። የተሰጠው ቦታ አሁንም 24 ቢት በመሆኑ፣ እሱም በተራው ኖቬምበር 2045 ላይ ያልቃል።