«ሲስተም የለም» ሳይባል

በጅማ መርካቶ ቡና ነጋዴውም ባንክ ቤቱም የሚጋሩት አንድ አባባል አለ፤ «ሲስተም የለም»። ይህ ከተባለ ወረፋው ይበተናል፣ ሒሳቡ ለነገ ይቀጠራል፣ ጥፋቱም ለኔትወርኩ ይሰጣል። ሥራዬ የድርጅቶችን ሶፍትዌሮች እርስ በርስ ማገናኘት ስለሆነ አባባሉን አዘውትሬ እሰማለሁ። ኔትወርኩ በእርግጥ ይጠፋል። ሥራው አብሮት እንዲቆም የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ አጻጻፍ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በቡና ለቀማ ወራት ነው። በአጋሮም በሊሙም በጌራም ገበሬው ቀን ሲለቅም የዋለውን እሸት ቡና ይዞ ማጠቢያ ጣቢያ የሚደርሰው አመሻሹ ላይ ነው። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፤ በጊዜው ካልተፈለፈለ ይብላላና ጥራቱ ይወርዳል። የጣቢያው ፕሮግራም እያንዳንዱን ሚዛን ጅማ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ልኮ መልስ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ከሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሚዛኑም ይቆማል፤ ቡናው ግን አይጠብቅም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል መልእክት ተቀብሎ በወረፋ የሚያቆይ ሰርቨር ይቀመጣል። ላኪው አስረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ተቀባዩ ሲመቸው ይወስዳል። ይህ ችግር የባንኮችም ነበር፤ ለመልእክት ልውውጥ የሚያገለግለው ኤኤምኪውፒ የተባለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2003 መነደፍ የጀመረው ጄፒሞርጋን ቼዝ ባንክ ውስጥ፣ በጆን ኦሃራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ራቢትኤምኪው ይህንኑ ፕሮቶኮል የሚናገር፣ በነፃ የሚገኝ ሰርቨር ነው። እኔም የምሠራው በአብዛኛው በእሱና ለጃቫ በተዘጋጀው የደንበኛ ላይብረሪ ነው።

ላይብረሪውን መጫን ቀላል ነው። ስሙ በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ ይጨመራል፤ የሰርቨሩ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ይሰጣል፤ ፖርቱ 5672 ነው፣ በቲኤልኤስ ለተመሰጠረ መስመር ደግሞ 5671። አንድ ግንኙነት ተከፍቶ ይቆያል፤ በውስጡ ቻናሎች ይከፈታሉ፤ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቻናል ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሚዛን አዲስ ግንኙነት ከፍቶ የሚዘጋ ፕሮግራም መስመሩ ጥሩ በሆነ ቢሮ ሲሞከር እንከን አይታይበትም። በደካማ መስመር ላይ ግን ከመልእክቱ ይልቅ የግንኙነት መክፈቻው ሰላምታ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

ላይብረሪው ከ4ኛው ቨርዥን ጀምሮ ግንኙነት ሲቋረጥ በራሱ፣ በየ5 ሴኮንዱ፣ መልሶ ለመገናኘት ይሞክራል። ይህን ያነበበ ብዙ ፕሮግራመር ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሁለት ነገሮች ግን ይቀራሉ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ የመጀመሪያው ግንኙነት ካልተሳካ ላይብረሪው ደግሞ አይሞክርም። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሣ፣ ድጋሚ ሙከራውን ራሳችን ካልጻፍነው በቀር ፕሮግራሙ እንደወደቀ ይቀራል። ሁለተኛውና ዋናው፣ መስመሩ በተቋረጠበት ጊዜ የተላከን መልእክት ላይብረሪው አያቆየውም፤ ይጠፋል። መቋረጡን ማወቅም ራሱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ወገኖች መኖራቸውን የሚጠያየቁበት ምልክት ካልተቀየረ በስተቀር በ60 ሴኮንድ የተወሰነ ነው። በዚያ መሀል ፕሮግራሙ የላከ እየመሰለው ወደ ባዶ ይጽፋል።

ለዚህ መልሱ በቡና ንግዱ ውስጥ አለ። ቡና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ተቀባዩ ደረሰኝ እስኪቆርጥ ድረስ ኃላፊነቱ የአስረካቢው ነው። መልእክትም በዚሁ ሥርዓት መሄድ አለበት። ስለዚህ ሚዛኑ በመጀመሪያ በጣቢያው ላፕቶፕ ላይ ባለው ዳታቤዝ ይመዘገባል፤ ገበሬው ደረሰኙን ከዚያ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ መልእክቱ ይላካል፤ «ተልኳል» የሚባለው ግን ሰርቨሩ መቀበሉን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይህን ማረጋገጫ ላይብረሪው ካልጠየቁት አይሰጥም፤ በቻናሉ ላይ ማብራት ያስፈልጋል። ማረጋገጫ ያልመጣለት መልእክት እንደገና ይላካል። ሰርቨሩ ጋም ወረፋውም መልእክቱም በዲስክ የሚቀመጡ ተብለው መታወጅ አለባቸው፤ ወረፋው ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ወረፋው ባዶውን ይገኛል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ «ደርሶኛል» የሚለው መልእክቱ ሲገባለት ሳይሆን በዳታቤዙ ካስቀመጠው በኋላ ነው። በአንዴ የሚወስደውም ልክ ይበጅለት፤ ገደብ ካልተሰጠ ሰርቨሩ የተጠራቀመውን ሁሉ ይጭንበታል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መልእክት አይጠፋም፤ ሊደገም ግን ይችላል። ሰርቨሩ ተቀብሎ ማረጋገጫው መንገድ ላይ ከቀረ ጣቢያው ያንኑ መልእክት ዳግመኛ ይልካል፤ አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ በሒሳብ ላይ ሁለት ይሆናል። መድኃኒቱ እያንዳንዱ ሚዛን ከጣቢያው መለያና ከደረሰኙ ቁጥር የተሠራ አንድ መታወቂያ ይዞ መሄዱ፣ ዋናው ዳታቤዝም ያንን መታወቂያ ሁለት ጊዜ አለመመዝገቡ ነው። ተቀባዩ ሊያነበው ያልቻለ መልእክት ደግሞ ሲመላለስ እንዳይኖር ሰው ወደሚያየው የተለየ ወረፋ ይዛወር። በዚህ ወረፋ ላይ በስም የተመደበ ተመልካች ከሌለ መዛወሩ ብቻውን ጥቅም የለውም።

ለድርጅት ኃላፊዎች የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሲስተም ሠርቼላችኋለሁ ከሚላችሁ ሰው የውል ማጠናቀቂያ ከመፈረማችሁ በፊት ሙከራውን ማጠቢያ ጣቢያው ላይ አድርጉት። ሚዛን እየተመዘነ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀሉ፤ ጥቂት ቆይታችሁ መልሱት። ቀጥላችሁ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አስነሡት። በመጨረሻ የጣቢያውንና የዋናውን መሥሪያ ቤት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የደረሰኞቹ ብዛትም የኪሎው ድምርም እኩል ከሆነ ፈርሙ፤ በአንድ እንኳ ከተለያየ ብዕሩን አታንሡ።