ጉማራ በቴክሳስ ቀመር

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ሶፍትዌር ሲነሳ ወሬው ሥራና ገቢ ነው። ሶፍትዌር ለሳይንስ ምን እንደሚሠራ፣ ምንስ እንደሚያሳስት ለማየት ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች መውረድ ይበቃል።

በምርምሩ በኩል የጤናው ዘርፍ ብዙ አያናግርም፤ መጠይቁ በኢፒ ዴታ ይገባል፣ በኤስፒኤስኤስ ይተነተናል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሠንጠረዥ ይወጣል። የካርታው ሥራ ይሻላል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከአየር ያነሷቸው ፎቶዎች በአዲስ አበባ በ8,281 ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ተገኝተዋል። ፎቶን ከምድሩ ጋር የሚያገጣጥም ሶፍትዌር በመኖሩ የዚያን ዘመን ደን ከዛሬ የሳተላይት ምስል ጋር ማነጻጸር ተችሏል።

ትልቁ ክርክር ግን የጎርፍ ነው። ስዋት የሚባለው የተፋሰስ ሞዴል የተሠራው ቴክሳስ ውስጥ ነው። የጎርፉን መጠን የሚያሰላበት ከርቭ ነምበር የተባለ ቀመርም የአሜሪካ እርሻ ልኬት ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሽመልስ ሰጠኝና ባልደረቦቹ ጉማራንና ርብን ጨምሮ በጣና ተፋሰስ ሞከሩት፤ ስሌቱም ከተለካው የወንዝ ፍሰት ጋር ተቀራረበ። ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይረካል። እኔ አልረካም፤ ድልድዩ ሥር የሚያልፈውን ውኃ በትክክል መገመት ውኃው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማወቅ አይደለም።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቴንሁይስና አብረውት የሠሩ ኢትዮጵያውያን የያዙት ይህንን ጥያቄ ነው። በአንጀኒ፣ በማይባርና በአንዲት ጥድ የምርምር ጣቢያዎች የተሰበሰበውን የረጅም ዘመን ልኬት መረመሩ (አንዳቸውም ደቡብ ጎንደር ውስጥ አይደሉም፤ ደጋው ግን ያው ደጋ ነው)። የሰኔ ዝናብ በደረቀው አፈር ይዋጣል። ከትነት የተረፈው ዝናብ ተደምሮ ወደ 500 ሚሊሜትር ሲደርስ ግን ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ጎርፉ በብዛት የሚነሳው ውኃ ከጠገበው የሸለቆ ግርጌና አፈሩ ተሸርሽሮ ካለቀበት መሬት ነው። ከርቭ ነምበር ይህን የወቅት ልዩነት በሚገባ አያይም።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ሕዝቡ በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ እርከን የሚሠራው በአብዛኛው ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ቦረቦሩ ግን ታች ረግረጉን እየበላ ወደ ላይ ይወጣል። ጎርፉ ከየት እንደሚነሳ የሚያሳየው ካርታ ከተሳሳተ ያ ሁሉ ጉልበት የሚፈስሰው ያለ ቦታው ነው።

የስዋት ኮድ ክፍት ባይሆን ክርክሩ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ክፍት በመሆኑ ተመራማሪዎች ከርቭ ነምበርን አውጥተው በአፈር የውኃ ሚዛን የተኩበት ስዋት-ደብልዩቢ ተሠራ፣ ለአባይ ተፋሰስም ዋለ። ዋናው ሶፍትዌር ሲጫን ቀድሞ የሚቀርበው ግን ዛሬም የድሮው ቀመር ነው፤ የማስተርስ ተማሪውም ለመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ቀን እየተጣደፈ የቀረበለትን ይቀበላል።