ያውቁ ኖሯል? ጦርነት ያዘገየው የ800 ሜትር ሯጭ

ጃማይካ ስትነሳ ብዙዎቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን 100 ሜትርና ዩሴን ቦልት ነው። የዚያችን ደሴት የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘው ግን የ800 ሜትር ሯጭ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አርተር ዊንት ይባላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1948 ለንደን ላይ በ1 ደቂቃ ከ49.5 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ቀን ቆይቶ ደግሞ የ400 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ጃማይካ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ተኩል አይሞላም፤ ኦሊምፒክ ስትሳተፍም የመጀመሪያዋ ነበር። ነፃነቷን ያገኘችው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዊንት ኦሊምፒክ ሲደርስ 28 ዓመቱ ነበር። ሩጫ ዘግይቶ ስለጀመረ አይደለም፤ በ1938 ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ፓናማ በተካሄደው የመካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን ጨዋታዎች በ800 ሜትር አሸንፏል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የ1940ውም የ1944ቱም ኦሊምፒክ ተሰረዘ፤ የሯጭ እግር በደንብ የሚታዘዝበት ዕድሜ በዚያው አለፈ።

የሚገርመው ነገር፣ ቶኪዮ ስትተወው የ1940ውን ጨዋታ የተረከበችው ሄልሲንኪ ስትሆን የ1944ቱ ለለንደን ተሰጥቶ ነበር። ዊንት አራቱንም የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቹን ያገኘው በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ነው።

በጦርነቱ ዓመታት የእንግሊዝን ንጉሣዊ አየር ኃይል ተቀላቅሎ፣ ካናዳ ውስጥ ሠልጥኖ አብራሪ ሆነ። በ1947 ከአየር ኃይል ወጥቶ ለንደን በሚገኘው ሴንት ባርቶሎሚው ሆስፒታል ሕክምና መማር ጀመረ። የጃማይካን የመጀመሪያ ወርቅ ያመጣው እንግዲህ የሕክምና ተማሪ ነበር።

ያ የ400 ሜትር ፍጻሜ ሊወራለት ይገባል። ወርቁን ይወስዳል ተብሎ የተጠበቀው የአገሩ ልጅ ኸርብ ማኬንሊ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን በእጁ ነው። ማኬንሊ ከመነሻው ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ፈተለከና በመጀመሪያው 200 ሜትር ዊንትን በብዙ ሜትር ራቀው። ዊንት አልደነገጠም። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ይበልጣል፣ እርምጃው ረጅም ነው፣ ሁለት ዙር መሮጥ የለመደ ሰው ደግሞ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያከፋፍል ያውቃል። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ማኬንሊ መዛል ሲጀምር እርምጃ በእርምጃ እየተጠጋው መጣና መጨረሻው መስመር አካባቢ አለፈው። 46.2 ለ46.4! እኔ እንደሚመስለኝ ያንን ወርቅ ያሸነፈው የ800 ሜትር ልምዱ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን አራት በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ፍጻሜ ላይ ሦስተኛውን ዙር ሲሮጥ ጡንቻው ተሸማቀቀና መሙ ላይ ወደቀ። ዱላውን ለመቀበል ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ማኬንሊ ባዶ እጁን ቀረ። ጃማይካ ውድድሩን አልጨረሰችም።

ያውቁ ኖሯል? በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ለዚያው ዱላ ቅብብል የተሰለፉት ያው አራቱ ሰዎች ናቸው፦ ዊንት፣ ሌስሊ ላይንግ፣ ማኬንሊና ጆርጅ ሮደን። የወደቀው ዊንት በዚህኛው የመጀመሪያውን ዙር ሮጠ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ አሜሪካኖች ርቀው ሄደዋል። ማኬንሊ ዱላውን ይዞ በ44.6 ሰከንድ ዞረና የ400 ሜትር መሰናክል ሻምፒዮኑን ቻርልስ ሙርን ደረሰበት። ሮደን ጨረሰው። 3 ደቂቃ ከ03.9 ሰከንድ፤ ከ1932 ጀምሮ የቆየው የዓለም ክብረ ወሰን ከአራት ሰከንድ በላይ ተሻሻለ። አሜሪካኖቹ የተቀደሙት በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነው።

ለአሜሪካ የመጨረሻውን ዙር የሮጠው ማን ይመስልዎታል? ማል ዊትፊልድ! በ800 ሜትር ዊንትን ሁለት ጊዜ ወርቅ የከለከለው እሱ ነው። ለንደን ላይ 1:49.2፣ ሄልሲንኪም ላይ ያንኑ 1:49.2 ሮጦ አሸነፈ። ዊንት በ32 ዓመቱ ከለንደኑ ሰዓቱ አንድ አሥረኛ ቀንሶ 1:49.4 ቢገባም ልዩነቱ አልተሞላለትም። ሁለት ኦሊምፒክ፣ ሁለት ብር፤ በሁለቱም የተቀደመበት ጊዜ ተደምሮ ግማሽ ሰከንድ ነው።

በ1953 በሐኪምነት ተመርቆ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ውድድሩን ዌምብሌይ ስታዲየም ሮጠ። ማግሥቱን ዓመት ከንግሥት ኤልሳቤጥ የክብር ኒሻን ተቀበለ። ለንደን መቅረት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በ1955 አገሩ ገብቶ ሃኖቨር በተባለው የገጠር አውራጃ ሥራ ጀመረ። በአውራጃው ነዋሪ የሆነ ሌላ ሐኪም አልነበረም። የዚህን ሰው ታሪክ ለሚያነብ ሁሉ ከወርቁ እኩል ሊነገር የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አምባሳደርም ነበር። ከ1974 እስከ 1978 ጃማይካን በእንግሊዝ ወክሏል፤ ሕክምና በተማረበትና ወርቅ ባገኘበት ከተማ ማለት ነው።

ያረፈው ኦክቶበር 19 ቀን 1992፣ በ72 ዓመቱ ሲሆን፣ ዕለቱ ጃማይካ የብሔራዊ ጀግኖቿን ቀን የምታከብርበት ነበር። ኪንግስተን ውስጥ ብሔራዊ ስታዲየሙ አጠገብ ያለው መንገድ በስሙ ይጠራል።

አንድ የመጨረሻ፦ በ1960 ሮም ላይ ጃማይካዊው ጆርጅ ኬር በ800 ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ የሮጠው ግን በዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን ስም ነበር። በጃማይካ ስም በኦሊምፒክ 800 ሜትር ሜዳሊያ ያጠለቀ፣ ከወንድም ከሴትም፣ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ከዊንት ሌላ የለም።