አርክቴክት ለመባል ዲግሪ አይበቃም

አሜሪካ ውስጥ በአርክቴክቸር የተመረቀ ሰው የሙያ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ራሱን በአደባባይ «አርክቴክት» ብሎ መጥራት አይችልም። ስያሜው በሕግ የተጠበቀ ነው። የመጀመሪያውን የፈቃድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1897 ያወጣችው ኢሊኖይ ስትሆን፣ ዛሬም ፈቃድ የሚሰጠው የየግዛቱ ቦርድ ነው። የኒውዮርክ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሊሠራ ቢፈልግ የዚያንም ማውጣት አለበት።

ቦርዱ የሚጨነቀው ለሕንፃው ውበት አይደለም። አንድ ደረጃ እንውሰድ፦ በብዛት በሚሠራበት የሕንፃ ደንብ መሠረት ሕዝብ በሚገለገልበት ሕንፃ የአንዱ እርከን ከፍታ ከ18 ሳንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም፤ መርገጫው ደግሞ ከ28 ገደማ ማነስ የለበትም። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ አዳራሽ በሩ ወደ መውጫው አቅጣጫ መከፈት አለበት። እሳት ተነሥቶ ሕዝቡ በሩ ላይ ከተደራረበ፣ ወደ ውስጥ ስቦ ሊከፍተው የሚችል የለም። የዚህ ሁሉ ኃላፊነት ፕላኑ ላይ ፈርሞ ማኅተሙን በሚያሳርፈው አርክቴክት ስም ነው።

ለዚህም ነው ወደ ፈቃድ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ 3,740 ሰዓት የሥራ ልምምድ የሚጠይቀው። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቢያንስ ግማሽ ያህሉም ፈቃድ ባለው አርክቴክት ሥር መሆን አለበት። ከስድስቱ የልምምድ ዘርፎች ትልቁን ድርሻ፣ 1,520 ሰዓት፣ የሚወስደው የዝርዝር ሥዕልና የግንባታ ሰነድ ዝግጅት ነው። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ውሃ እንዳያስገባ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ አከፋፈሉ ተገቢ ነው እላለሁ። የፈቃድ ፈተናውም ስድስት ክፍል አለው፤ የወደቀ የወደቀበትን ብቻ ይደግማል።

አዲስ አበባ ተምሮ ወደዚያ የሚሻገር ባለሙያስ? ዲግሪው ከአሜሪካው የትምህርት መስፈርት ጋር ይነጻጸራል፤ ጉድለት ከተገኘ የጎደለውን ኮርስ መማር ሊኖርበት ይችላል። ኒውዮርክና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ግን የትምህርቱን ጉድለት በተጨማሪ የሥራ ልምድ ማካካስን ይፈቅዳሉ። ለንጽጽሩ ትራንስክሪፕት ብቻውን አይበቃም፤ የየኮርሱ ዝርዝር መግለጫም ይጠየቃል። ይህን ከባሕር ማዶ ሆኖ ማፈላለግ አድካሚ ነውና፣ የመሄድ ሐሳብ ያለው ተመራቂ ገና አገር ቤት ሳለ ከትምህርት ክፍሉ ቢያወጣ ይሻለዋል።