የሒሳብ መግለጫዎች በዳሽቦርድ ሲቀርቡ፦ ከሥዕሉ በፊት መስተካከል ያለባቸው ጉዳዮች

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመትና የዓመት ሒሳባቸውን ለበላይ አካል ሲያቀርቡ የቆዩት በአብዛኛው በኤክሴል ተዘጋጅቶ በሚታተም ሠንጠረዥ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ያው ሒሳብ በቀለማትና በሥዕላዊ መግለጫዎች ተቀናብሮ፣ በስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በሚታይ ዳሽቦርድ መቅረብ ጀምሯል።

ለዚህ ተግባር ከሚውሉ ሶፍትዌሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የታብሎ ኩባንያ ምርትና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበው ፓወር ቢአይ በስፋት ይታወቃሉ። የፓወር ቢአይ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ቅጂ ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑና ኤክሴል ለለመደ የሒሳብ ባለሙያ እንግዳ አለመሆኑ በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ተመራጭ እንዲሆን ረድቶታል።

ዳሽቦርድ የሚለው ስያሜ የተወሰደው በመኪና አሽከርካሪ ፊት ለፊት ከሚገኘው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። አሽከርካሪው ሞተሩን ሳይከፍት የነዳጁን መጠንና ፍጥነቱን በአንድ እይታ እንደሚረዳ ሁሉ፣ ኃላፊውም መዝገብ ሳያገላብጥ የመሥሪያ ቤቱን የፋይናንስ ሁኔታ ይረዳል ከሚል እሳቤ የመነጨ ነው። ይሁንና ንጽጽሩ አንድ ነገር ይደብቃል። የመኪናውን የነዳጅ መርፌ ከማጠራቀሚያው ጋር ያገናኘው ፋብሪካው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ዳሽቦርድ ከሌጀሩ ጋር የሚያገናኘው ግን አንድ የፋይናንስ ወይም የአይሲቲ ባለሙያ ነው። ግንኙነቱ ከተዛባ መርፌው መንቀሳቀሱን አያቆምም፤ የሚያሳየው ግን ሌላ ይሆናል።

ሥራው የሚጀመረው ከተዘጋጀ ሪፖርት ሳይሆን ከሌጀሩ ዝርዝር ነው። የበጀት ተቋማት ከሚጠቀሙባቸው ከአይቤክስ ወይም ከኢፍሚስ የሚወጣው መረጃ ለእያንዳንዱ የሒሳብ እንቅስቃሴ ቀኑን፣ የሒሳብ መደቡን፣ የመሥሪያ ቤቱን መለያ፣ የገንዘብ ምንጩን፣ ዴቢቱንና ክሬዲቱን ለየብቻ መያዝ ይኖርበታል። በዚህ ዙሪያ የሒሳብ መደቦች ዝርዝር፣ የመሥሪያ ቤቶች ዝርዝር፣ የበጀትና የቀን ሠንጠረዦች ይደረደራሉ። ቀድሞ የተደመረ ሪፖርት መነሻ ሆኖ ከተወሰደ ግን ኃላፊው አንድን አኃዝ ተጭኖ "ይህ ከምን መጣ?" ብሎ ሲጠይቅ ሶፍትዌሩ መልስ አይኖረውም።

ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ሊሆን ይገባል። ይህ ጉዳይ በአማርኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ከሌላው የበለጠ ክብደት አለው። አንዱ ባለሙያ "ጽሕፈት ቤት" ሲል ሌላው "ፅህፈት ቤት"፣ አንዱ "ሒሳብ" ሲል ሌላው "ሂሳብ" ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደላት በመሆናቸው አንዱ ጽሕፈት ቤት ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ በጀቱ በአንዱ ስም ወጪው በሌላው ስም ሥር ሊታይ ይችላል። በዚህ መልኩ የተሠራ ሥዕል አንዱን መሥሪያ ቤት ሰባራ ሳንቲም ያልተጠቀመ፣ ሌላውን ደግሞ ያለ በጀት ያወጣ ያስመስለዋል።

ቀጣዩ ጉዳይ የምልክት ነው። በሌጀር ዴቢት በመደመር፣ ክሬዲት በመቀነስ ምልክት ሲወሰድ ገቢ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሆኖ ይመጣል። አንድ የልማት ድርጅት 100 ሚሊዮን ብር ገቢ አግኝቶ 80 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ ያልተስተካከለው ድምር ከዜሮ በታች 20 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህም ትርፉን ኪሳራ ያስመስለዋል። ስለሆነም የገቢ፣ የዕዳና የካፒታል መደቦች ምልክት ለእይታ ብቻ ይገለበጣል። የቀለሙም ትርጉም እንዲሁ መለየት አለበት፤ ወጪ ከዕቅድ በላይ ሲሆን ቀይ መብራቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ገቢ ከዕቅድ በላይ ሲሰበሰብ ያው ቀይ መብራት መሰብሰቡን እንደ ጥፋት ያስቆጥራል።

የሒሳብ መግለጫዎችን ከሌላ ስታቲስቲክስ የሚለያቸው ዋናው ባሕርይ የጊዜ አያያዛቸው ነው። የገቢና ወጪ መግለጫ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሆነውን ስለሚያሳይ ወራት ይደመራሉ። የሀብትና ዕዳ መግለጫ ግን በአንድ ቀን ላይ ያለውን የሚያሳይ በመሆኑ ወራት አይደመሩም። በባንክ የነበረው ቀሪ ሒሳብ በሐምሌ መጨረሻ 8 ሚሊዮን፣ በነሐሴ መጨረሻ 7 ሚሊዮን፣ በመስከረም መጨረሻ 9 ሚሊዮን ብር ቢሆን የሩብ ዓመቱ ቀሪ 9 ሚሊዮን እንጂ 24 ሚሊዮን አይደለም። ሶፍትዌሩ ካልተነገረው በቀር የሚያቀርበው 24 ሚሊዮኑን ነው። በተጨማሪም ሒሳቡ ሳይዘጋ በዓመቱ መካከል የሚዘጋጅ የሀብትና ዕዳ መግለጫ እንዲመጣጠን የዓመቱ ጊዜያዊ ብልጫ ወይም ጉድለት በቀመር ተሰልቶ ከተጣራ ሀብት ጋር መደመር ይኖርበታል።

የመግለጫው የመስመር አቀማመጥም ለሶፍትዌሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ጥቅል ትርፍና ከግብር በፊት ያለ ትርፍን የመሳሰሉ ንዑስ ድምሮች በሌጀር ውስጥ የሉም፤ የሚገኙት ከላያቸው ካሉት መስመሮች ስሌት ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የመስመሮቹን ቅደም ተከተልና የስሌቱን ዓይነት የያዘ ራሱን የቻለ የአቀማመጥ ሠንጠረዥ ያዘጋጃሉ። በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን የሚከተሉ የልማት ድርጅቶች ይህን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ተፈጻሚ የሚሆነው አይኤፍአርኤስ 18 የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ምድቦችና ንዑስ ድምሮች የሚለውጥ ነው። አቀማመጡ በሠንጠረዥ ከተያዘ ለውጡ በሠንጠረዡ ይፈጸማል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በእጅ ከተሠራ ግን ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይሆናል።

ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዘመን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ሲጠናቀቅ፣ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ማለት ነው። የፓወር ቢአይ የተለመዱት የጊዜ ቀመሮች የተመሠረቱት በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ሲሆን የዓመቱን መዝጊያ ቀን ማስለወጥ ቢቻልም የወሩ ወሰን አብሮ አይለወጥም። በዚህም ምክንያት "ጁላይ" ተብሎ የሚደመረው ከሰኔ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናትና ከሐምሌ የመጀመሪያዎቹ 24 ቀናት ናቸው። የሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የበጀት መዝጊያ ክፍያዎች የሚጣደፉበት መሆኑን የማያውቅ የፋይናንስ ሠራተኛ የለም። ኃላፊው በጥብቅ ሊመለከተው የሚገባው ያ ሳምንት ከአዲሱ በጀት ዓመት ወጪ ጋር ተቀላቅሎ ከእይታ ይሰወራል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ቀን በአንድ ረድፍ የሚሰፍርበት፣ የጎርጎሮሳዊውንና የኢትዮጵያን ቀን ጎን ለጎን የሚይዝ የቀን ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ረድፍ ወሩ፣ ሩብ ዓመቱና የበጀት ዓመቱ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ሐምሌ 2017 በአቆጣጠር 2017 ቢሆንም በበጀት ዓመት 2018 ሥር ይመደባል። ወሮቹ ከሐምሌ የሚጀምር ተራ ቁጥር ካልተሰጣቸው ሶፍትዌሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድራቸው ሐምሌን ከመስከረም ጋር አጎራብቶ፣ ሰኔን ከታኅሣሥ በፊት ያስቀምጣል።

ጳጉሜንም መዘንጋት አይገባም። ከነሐሴ ጋር ተያይዛ ስትቆጠር የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 95 ቀናት ሲኖሩት ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 90 ቀናት አሏቸው። በ2016 በጀት ዓመት፣ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 96 ቀናት ነበሩት። በዚያው ዓመት መስከረም 1 ቀን የዋለው ሴፕቴምበር 12 በመሆኑ የግማሽ ዓመቱ መዝጊያ ታኅሣሥ 30 እንደ ሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 8 ሳይሆን ጃንዋሪ 9 ቀን ሆኗል። "ጃንዋሪ 8" ብሎ ቀኑን በቀመር ውስጥ የቸነከረ ሪፖርት የመዝጊያውን ዕለት ክፍያዎች በሙሉ ሳይቆጥር አልፏል ማለት ነው። ተመሳሳይ ሁኔታ በ2020 ዓ.ም ይደገማል።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለውም ዳሽቦርዱ ትክክለኛ አኃዝ ይዞ ሊያሳስት ይችላል። ለአብነት ያህል ዓመታዊ በጀቱ 60 ሚሊዮን ብር የሆነ መሥሪያ ቤት ይታሰብ። እስከ ታኅሣሥ 30 የተመዘገበ ወጪው 27 ሚሊዮን ብር ነው። ከስድስት ወሩ ድርሻ ከ30 ሚሊዮን ብር አንጻር አፈጻጸሙ 90 በመቶ በመሆኑ ጠቋሚው አረንጓዴ ያሳያል፤ ስብሰባውም ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ለሠራተኞችና ለአቅራቢዎች በቅድመ ክፍያ የወጣና ያልተወራረደ 4 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብር በተሰብሳቢ ሒሳብ ተይዟል። እስኪወራረድ ድረስ በወጪ ስለማይመዘገብ በጠቋሚው አይቆጠርም። ሁለቱ ሲደመሩ ከካዝና የወጣው 31 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም የስድስት ወሩ ድርሻ 105 በመቶ ነው።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ በተደጋጋሚ ሲነሳ ቆይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከበጀት አፈጻጸም መቶኛው ጎን ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብ በዕድሜያቸው ተለይተው፣ ከአንድ ወር፣ ከሦስት ወር፣ ከስድስት ወርና ከዓመት በላይ የቆዩት ለየብቻ ሊታዩ ይገባል። ከብዙ ክብ ሥዕሎች ይልቅ ይህ አንድ ሠንጠረዥ ለኃላፊው የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል የሚል እምነት አለን።

በሥዕሉ አሣሣል ረገድም ጥቂት ነጥቦች አሉ። የአምድ ሥዕል መነሻው ዜሮ ሊሆን ይገባል። የ96 ሚሊዮንና የ99 ሚሊዮን ብር ወጪዎች መነሻው 95 ሚሊዮን በሆነ ሥዕል ላይ ቢቀመጡ፣ ልዩነታቸው 3 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ አንዱ አምድ ከሌላው አራት እጥፍ ረዝሞ ይታያል። ዳሽቦርዱ በስብሰባ ላይ ከታየ በኋላ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ተባዝቶ መሠራጨቱ ስለማይቀር ቀይና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ እንዳይሆኑ ከቀለሙ ጎን ቃል ወይም ምልክት ማኖር ያስፈልጋል። መረጃው የታደሰበት ቀንና ሒሳቡ ኦዲት የተደረገ ወይም ያልተደረገ መሆኑም በግልጽ መጻፍ አለበት።

ዳሽቦርዱን ለሌሎች ማጋራት ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ተግባር ነው። ፓወር ቢአይ ሪፖርትን ለሕዝብ ድረ ገጽ የሚያትም አማራጭ አለው። ይህ አማራጭ ቀላልና ፈጣን በመሆኑ ይማርካል፤ ነገር ግን አድራሻውን ያገኘ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃል እንዲመለከተው የሚያደርግ ነው። ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የግለሰብ ስም የያዘ መረጃ በዚህ መንገድ ቢወጣ ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር አልፎ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የሚመለከት ይሆናል። አንድን ገጽ ወይም ዓምድ መደበቅ ጥበቃ አይደለም። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱን ረድፍ ብቻ እንዲያይ የሚያደርግ ገደብ ማበጀት የሚቻል ሲሆን፣ ገደቡ ሪፖርቱን የማስተካከል መብት በተሰጠው ሰው ላይ ስለማይሠራ የመብት አሰጣጡ ቁጥብ መሆን አለበት።

ዳሽቦርዱ ለኃላፊ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ የአንድ የተዘጋ ዓመት ሒሳብ ገብቶበት፣ ከተፈረመው የሒሳብ ሚዛን ጋር በየመደቡ እስከ ሳንቲም ሊመሳከር ይገባል። ልዩነት ከተገኘ መፈለግ ያለበት ከሌጀሩ ጀምሮ ነው። በመቀጠልም ከየመደቡ ጥቂት አኃዞች በዘፈቀደ ተመርጠው ከዋናው የክፍያ ማስረጃ ጋር ይመሳከራሉ። የማመሳከሩን ሥራ ዳሽቦርዱን ከሠራው ሌላ ሰው፣ ቢቻል የውስጥ ኦዲት ባለሙያ፣ ቢያከናውነው ይመረጣል።

በብዙ ቦታ ሥራው የሚቋረጠው ግን በቴክኒክ ምክንያት አይደለም። ፋይሉ በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ፣ መረጃውም በእርሱ የይለፍ ቃል እየታደሰ ይቆይና ባለሙያው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ዳሽቦርዱ በዚያው ዕለት አኃዝ ላይ ይቆማል። ይህ እንዳይሆን መረጃው የሚታደስበት አካውንት በመሥሪያ ቤቱ ስም መከፈት፣ ዋናው ፋይል በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ መቀመጥ፣ የመደቦች አመዳደብ፣ የቀን ሠንጠረዡና የቀመሮቹ ማብራሪያም በአማርኛ ተጽፎ በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ከንብረት ዝርዝሩ ጋር መካተት ይኖርበታል።