የከተማው መንገድ ሲረዝም ወጪውን ማን ይሸፍን?

የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ የከተማውን ዳርቻ ይዞ የሚዞር ነበር። ዛሬ የካ አባዶ፥ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቀለበቱ ውጭ ርቀው የቆሙ ታላላቅ ሰፈሮች ሆነዋል። በዚያ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ዕቃውን ከመርካቶ በመኪና ስለሚያስጭን፥ የመንገዱ ክፋት በስኳሩና በዘይቱ ዋጋ ላይ መታየቱ አይቀርም። የተሰበረው ባሌስትራ ሒሳብ በመጨረሻ የሚወራረደው ከገዢው ኪስ ነው።

ስለ መንገድ ስንነጋገር ሁለት ወጪዎችን እናደባልቃለን፤ አዲስ መዘርጋት አንድ ነገር ሲሆን የተዘረጋውን መጠበቅ ሌላ ነው። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተደነገገው የሊዝ ክፍያ ለመዘርጋቱ ይረዳል። ነገር ግን በጨረታ የተሰጠ ቦታ ክፍያው በዓመታት ተከፋፍሎ ቢመጣም አንድ ቀን ያልቃል፤ በደጁ የተነጠፈው አስፋልት ግን በየክረምቱ ጥገና ይጠይቃል።

የመንገድ መበላሸት የሚጀምረው እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ነው። ዝናቡ በዚያ ገብቶ የታችኛውን የጠጠር ንጣፍ ያላላዋል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት አስፋልቱ ይሰምጣል፤ በኋላም ይቦረቦራል። ስንጥቁ በጊዜው ቢደፈን ኖሮ ጥቂት ሬንጅ ይበቃው የነበረው፥ አሁን እስከ ሥር ተቆፍሮ እንደ አዲስ መሠራት ግድ ይሆንበታል። ቦዩ ከተደፈነ ደግሞ ጥፋቱ ይፈጥናል፤ ከየሱቃችን የሚጠረገው ላስቲክ ወዴት እንደሚሄድ እኛው ነጋድያን እናውቃለን።

ለጥገና ይሆን ዘንድ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ተቋቁሞ፥ ከነዳጅ ዋጋ ላይ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ብዙ የነዳ ብዙ ስለሚከፍል ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ይህ መኪና ከማደያ አይቀዳም፤ በመንገዱ ግን እንደ ሌላው ይመላለሳል፤ ባትሪውም ክብደቱን አላቀለለለትም። እንግዲህ ጥገናው በነዳጅ ገንዘብ ብቻ ተደግፎ የሚኖርበት ዘመን እያለፈ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ዓመታዊ ገቢ የሚያመጣ ነው። ነጋዴው በአዲስ ክፍያ ማጉረምረሙ የታወቀ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበር። ዳሩ ግን ክርክራችን በመክፈሉ ላይ ሳይሆን በአወጣጡ ላይ ቢሆን ይሻላል። ለጥገና የሚውለው ድርሻ በተለየ ሒሳብ ይያዝ፤ በየክፍለ ከተማው ስንት ሜትር ቦይ እንደ ተጠረገና ስንት ጉድጓድ እንደ ተደፈነ በየዓመቱ ይገለጽልን። የጠረጋውም ገንዘብ ቢዘገይ በሚያዝያ መለቀቅ ይኖርበታል፤ የበጀቱ ዓመት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነውና፥ ያን ጊዜ ጎርፉ አስቀድሞ በመንገዱ ላይ ይሆናል።